ምዕራፍ ሰባት፦ እንግዳ ሰው ደብተር ሲያወጣ

ከመስቀል አደባባይ በአፍሪካ ጎዳና ወደ ቦሌ የሚሄድ ሰው ወሎ ሰፈር ሳይደርስ ኦሎምፒያን ያገኛል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የባንክ ቅርንጫፍ ሞልቷል። በሰሜን በኩል ካዛንቺስ አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኙት እዚያ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ አካባቢው የውጭ ሰው መኖሪያና መሥሪያ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ በኦሎምፒያ ባንኮች ወረፋ የሚይዘው የአገር ልጅ ብቻ አይደለም። የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ የሆነ ሴኔጋላዊ፣ ፋብሪካ ሊተክል የመጣ ቻይናዊ፣ ከዋሽንግተን የተመለሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ከካርቱም ጦርነት የሸሸች ሱዳናዊት እናት አንድ ወንበር ላይ ተራ ሊጠብቁ ይችላሉ።

አራቱም የሚሉት ያው ነው፤ ደብተር ማውጣት እንፈልጋለን። ሕጉ ግን አራቱን በአራት ዓይን ያያቸዋል። ለአንዱ የተጠየቀው ወረቀት ለሌላው አይጠየቅም፤ ለአንዱ የተፈቀደው የሒሳብ ዓይነት ለሌላው አይፈቀድም። ይህን ያልተረዳ ሰው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይንከራተታል፤ ሠራተኞቹ ሆን ብለው የሚያመላልሱትም ይመስለዋል።

ይህ ምዕራፍ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው። ባንክ ለእንግዳ ሰው የሚያቀርበው የሰነድ ዝርዝር ምንም ያህል ቢረዝም፣ በውስጡ ያሉት ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። ማን ነዎት? የት ይኖራሉ? ገንዘቡ ከየት መጣ? እያንዳንዱ ኮፒ፣ እያንዳንዱ ማኅተም፣ እያንዳንዱ የድጋፍ ደብዳቤ ከሦስቱ የአንዱ መልስ ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች የያዘ ሰው በአዲስ አበባም፣ በዱባይም፣ በፍራንክፈርትም ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ያውቃል።

ያለ ሒሳብ መኖር

የባንክ ሒሳብ የሌለው ሰው በከተማ መኖር አያቅተውም፤ ነገር ግን ሁሉንም ነገር በሌላ ሰው በኩል ያደርጋል። ደመወዙ በወዳጁ ሒሳብ ይገባለታል። የቤት ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጣል። የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያውቀው ሰው በስልኩ ይልክለታል። በእያንዳንዱ ነገር ባለዕዳና ባለውለታ ይሆናል። ገንዘቡን የያዘለት ሰው ቢክደው ደግሞ የእኔ ነው ብሎ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰው ባዳ የሆነ ሰው ይህ ሲደርስበት የሚሸመግልለትም አያገኝም።

የ2013 ዓ.ም. የብር ኖት ለውጥ ይህን በግልጽ አሳይቷል። በዚያ ዓመት መስከረም ወር የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ ተተኩ፤ የ200 ብር ኖትም ተጨመረ። ለለውጡ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከ10,000 ብር በላይ ይዞ የመጣ ሰው ገንዘቡን በእጁ እንዲቀይር ሳይሆን በሒሳብ እንዲያስገባ ተደረገ። በዚያ ወቅት ሒሳብ መክፈት የማይችል ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ ለማዳን በሌላ ሰው ስም ከመጠለል ውጭ ብዙ መንገድ አልነበረውም።

ለአዲስ እንግዳ ትልቁ መከራ ግን ሰነዶቹ እርስ በርስ መጠባበቃቸው ነው። አሠሪው ደመወዝ የምከፍለው በባንክ ነው ይላል። ባንኩ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ አምጡ ይላል። አከራዩ ቅድሚያ ክፍያውን በሒሳብ አስገቡልኝ ይላል። ባንኩ ደግሞ ሒሳቡን ከመክፈቱ በፊት የቤት አድራሻ ይጠይቃል። ከዚህ ዙሪያ የሚወጣው ሌላውን የማይጠብቀውን ወረቀት አስቀድሞ የያዘ ሰው ነው። በኢትዮጵያ ያ ወረቀት ሰውየው ወደ አገር የገባበት ቪዛ ነው። ለሥራ ወይም ለኢንቨስትመንት በሚሰጥ ቪዛ የገባ ሰው ወደ ሥራ ፈቃድ፣ ከዚያ ወደ መኖሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ወደ ባንክ የሚወስድ መንገድ አለው። በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው ግን ሁለተኛውን ጥያቄ፣ ማለትም "የት ይኖራሉ?" የሚለውን፣ በሕግ ፊት መመለስ አይችልም። ኪሱ ውስጥ ያለው ዶላር ብዛት ይህን አይለውጠውም።

ባንኩ ራሱ እንግዳ በነበረ ጊዜ

በአገራችን ታሪክ ከባንክ ደንበኛ በፊት እንግዳ የነበረው ባንኩ ራሱ ነው። የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዞች ቁጥጥር ሥር በነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ መካከል በተደረገ የ50 ዓመት ውል የቆመ ነበር። ገዥው ማክጊሊቭሬይ የሚባል የውጭ ሰው ነበር። ለአገሬው ነጋዴ ገንዘብ ማለት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው፤ የባንክ ወረቀት ገንዘብ መሆኑን ለማመን ብዙ ጊዜ ወስዶበታል። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባንኩን ከባለድርሻዎቹ ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ አደረጉት።

አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ነፃ ከወጣች በኋላ የመንግሥት ባንክ ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ደግሞ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክና ነጋዴው ንግድ ባንክ ተለያዩ። በዚያ ዘመን የውጭ ድርሻ ያላቸው ባንኮችም ይሠሩ ነበር፤ አዲስ አበባ ባንክ ከእንግሊዙ ናሽናል ኤንድ ግሪንድሌይስ ጋር ተያይዞ ሲሠራ፣ ባንኮ ዲ ሮማና ባንኮ ዲ ናፖሊ ከጣሊያን ነበሩ። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ሁሉንም ወረሰ። ከደርግ ውድቀት በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 84/1986 የግል ባንክን ቢፈቅድም ለኢትዮጵያውያን ብቻ አደረገው። ይህ በር እንደተዘጋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 ተከፈተ፤ ዛሬ የውጭ ባንክ ቅርንጫፍ መክፈት ወይም በአገር ውስጥ ባንክ ድርሻ መግዛት ይችላል፤ በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ ያለው የውጭ ድርሻ ድምር ግን ከ49 በመቶ አይበልጥም።

ይህ ታሪክ ለደንበኛው ምን ይነግረዋል? የውጭ ሰው ሒሳብ በኢትዮጵያ ተራ የባንክ አገልግሎት ሆኖ እንደማያውቅ ይነግረዋል። ለብዙ አሥርት ዓመታት የውጭ ምንዛሬ በመንግሥት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነበር። የውጭ ሰው ሒሳብ ደግሞ ዶላር የሚገባበትና የሚወጣበት በር ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ጠባቂ ቆመ። ለእንግዳ የሚቀርቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ መነሻቸው ይህ እንጂ ለግለሰቡ ያለ ጥርጣሬ አይደለም።

ሦስቱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ማንነት ነው። ድሮ ፓስፖርትና ጉርድ ፎቶግራፍ በቂ ነበሩ። አሁን ፋይዳ ተጨምሯል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ወስዶ ለእያንዳንዱ ሰው 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። በአዲስ አበባ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ የሆነው ከታኅሣሥ ማብቂያ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ብዙ የውጭ ዜጎች ፋይዳ የዜግነት መታወቂያ ስለሚመስላቸው አይመዘገቡም። አዋጁ ግን የሚናገረው ስለ ነዋሪ ነው፤ በሕጋዊ መንገድ በአገሪቱ የሚኖር የውጭ ዜጋም ይመዘገባል። ፋይዳ የያዘ ሁሉ ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ ፋይዳ የሚያረጋግጠው ሰውየው እኔ ነኝ ያለው ሰው መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ መኖሪያ ነው። ቅጹ ላይ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር የሚሉ ቦታዎች አሉ። ኦሎምፒያ ሰው የሚጠራው የሰፈር ስም ነው፤ በቅጹ ላይ የሚሰፍረው ግን ቂርቆስ ክፍለ ከተማና የወረዳው ቁጥር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። የተመዘገበ ውል ለተከራዩ ከዋጋ ጭማሪ መከላከያ ብቻ አይደለም፤ የት ይኖራሉ ለሚለው ጥያቄም ጠንካራ መልስ ነው። ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ደግሞ ትልቅ ልዩነት አለ። ባንኩ ደንበኛውን ነዋሪ ወይስ ነዋሪ ያልሆነ ብሎ የሚመድበው በዚህ መልስ ነው፤ የሒሳቡም ዓይነት በዚሁ ይወሰናል።

ሦስተኛው ጥያቄ የገንዘቡ ምንጭ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቆጣውም በዚህ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎችና ድርጅቶች ከሚከፈቱት ሒሳቦች ሁለቱን እንይ። አንደኛው ወደ ውጭ ሊዛወር የሚችል የብር ሒሳብ ነው፤ ወደዚህ የሚገባው ከውጭ በምንዛሬ የመጣ ገንዘብ ነው፤ ከውጭ ስለመጣም ተመልሶ መውጣት ይችላል። ሁለተኛው ወደ ውጭ የማይዛወር የብር ሒሳብ ነው፤ አገር ውስጥ የተገኘ ብር ይገባበታል፤ ወጪውም አገር ውስጥ ነው። ሁለቱም ብር ናቸው፤ ኖቱም አንድ ነው። የሚለያቸው የመጡበት መንገድ ነው። አንድ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ገንዘቤን ይዤ ልሂድ ሲል ባንኩ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ቀን መዝገብ ነው። ስለዚህ ምንጩን በትክክል ማስመዝገብ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ደንበኛውን ራሱን ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የአዲስ አበባ ባንክ ዶላር ወይም ዩሮ ለመላክና ለመቀበል በኒው ዮርክ ወይም በፍራንክፈርት ባለ ትልቅ ባንክ ውስጥ የራሱ ሒሳብ ያስፈልገዋል። በዚያ ባንክ ዘንድ የእኛ ባንክ እንግዳ ነው፤ ባለቤቶቹ እነማን እንደሆኑ፣ ደንበኞቹን እንዴት እንደሚያጣራ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይጠየቃል። መልሱ ካላረካ ሒሳቡ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የሚቸገረው ከልጁ ሐዋላ የሚጠብቅ ሽማግሌም፣ መድኃኒት የሚያስመጣ ነጋዴም ነው። ሕገወጥ ገንዘብን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል ኢትዮጵያን በየካቲት 2009 ዓ.ም. ጉድለት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር አስገብቷት ነበር፤ የወጣችው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው ሕግ ባንኮች ደንበኛቸውን እንዲያውቁ ያስገድዳል። ሠራተኛዋ "ገንዘቡ ከየት መጣ?" ብላ ስትጠይቅ ባንኳ ራሱም በሌላ አገር የሚጠየቀውን ነው የምትጠይቀው።

አራቱ እንግዶች

አሁን ወንበር ላይ ወደተውናቸው አራት ሰዎች እንመለስ።

ተቀጣሪው ከሁሉ ቀላሉ መንገድ አለው። ፓስፖርት፣ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተገኘ የሥራ ፈቃድ፣ የአሠሪው ደብዳቤ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ ይመጣል። የኤምባሲና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ በሥራ ፈቃድ ፋንታ የድርጅቱን ደብዳቤና ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተሰጠውን መታወቂያ ያቀርባል። በኢንቨስትመንት ድርጅት የተቀጠረ የውጭ ዜጋ ከደመወዙ ወደ አገሩ በውጭ ምንዛሬ የመላክ መብት በኢንቨስትመንት አዋጁ ቁጥር 1180/2012 ተጠብቆለታል። መብቱን የሚጠቀመው ግን የቅጥር ውሉንና ግብር የተከፈለበትን ማስረጃ በየጊዜው ካስቀመጠ ነው። ፈቃዱ ሲታደስም አዲሱን ኮፒ ለባንኩ ማድረስ አለበት፤ ጊዜው ያለፈበት የመኖሪያ ፈቃድ ያለበት ፋይል ሒሳቡን ሊያሳግድ ይችላል።

ባለሀብቱ ከበድ ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚሁ አዋጅ መሠረት ብቻውን የሚገባ የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት በትንሹ 200,000 የአሜሪካ ዶላር፣ ከአገር ልጅ ጋር በሽርክና የሚገባ 150,000 ዶላር ማስገባት ይጠበቅበታል። ይህ ገንዘብ በባንክ በኩል ከውጭ መምጣት አለበት፤ የገባበት ማስረጃም የካፒታል ምዝገባ መሠረት ነው። ትርፍን፣ የድርሻ ክፍፍልንና የሽያጭ ገንዘብን ወደ ውጭ የመላክ መብት የሚቆመው በዚህ ምዝገባ ላይ ነው። የተሻለ ዋጋ አገኛለሁ ብሎ ዶላሩን በጥቁር ገበያ የመነዘረ ሰው ለዛሬ ጥቂት ብር ተርፎት ይሆናል፤ በሕግ ዓይን ግን ያ ገንዘብ ከውጭ አልገባም። ያልገባ ገንዘብ ደግሞ የሚወጣበት መንገድ የለውም።

ሦስተኛው የአገሩ ልጅ ነው፤ በወረቀት ግን የውጭ ዜጋ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ የምንለውን መታወቂያ አስገኝቷል፤ ያለ ቪዛ መግባት፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትና ሌሎች መብቶችን ይሰጣል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2004 አውጥቶ በ2006 ባሻሻለው መመሪያ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሦስት ዓይነት ሒሳብ እንዲከፍቱ ፈቀደ፤ በጊዜ የተገደበ የውጭ ምንዛሬ ተቀማጭ፣ የውጭ ምንዛሬ ተንቀሳቃሽ ሒሳብና ወደ ውጭ የማይመለስ የብር ሒሳብ። መነሻው 100 ዶላር ነበር፤ ሰነዱን በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አረጋግጦ መላክም ይቻላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ ደንብም ላላ፤ አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ጭምር ከውጭ በሚላክለት ገንዘብ፣ በውጭ ምንዛሬ በሚከፈል ደመወዝ ወይም ኪራይ ሒሳብ እንዲከፍት ተፈቀደ። ከዚያ ቀን በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ገንዘቡን በዶላር ያስቀመጠና በብር ያስቀመጠ ሰው ልዩነታቸውን ያዩት በዚያ ወቅት ነው።

በዚህ ክፍል አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ከአገር ሲወጣ በኢትዮጵያዊነቱ የከፈተውን ደብተር ትቶ የሄደ ሰው የሌላ አገር ዜግነት ከወሰደ በኋላ ፋይሉ ከእውነቱ ጋር አይገጥምም። ከአሮጌው ፓስፖርት ወደ ቢጫ ካርዱ ማስቀየር የመጀመሪያ ሥራው መሆን አለበት፤ በተለይ ቤት ለመግዛት ወይም ውርስ ለመቀበል የመጣ ከሆነ።

አራተኛዋ ስደተኛዋ ናት። የሥራ ፈቃድ የላትም፤ ኤምባሲዋን መጠየቅ ያስፈራታል፤ ፓስፖርቷም በመንገድ ጠፍቶ ይሆናል። በተለመደው አሠራር ሦስቱንም ጥያቄዎች መመለስ አትችልም። ለዚህ ነው ሕግ አውጪው የተለየ በር የከፈተላት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለስደተኞች ከገባቻቸው ዘጠኝ ቃሎች መካከል ሰነድና አገልግሎት ማግኘት ይገኝበታል። ከዚያ የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ በሚሰጠው መታወቂያ የባንክ ሒሳብ የመክፈት፣ ገንዘብ የማስቀመጥ፣ የማስተላለፍና የማውጣት መብት እንዳለው ደንግጓል። ዛሬ መታወቂያውን የሚሰጠው የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ስደተኞችን በፋይዳ መመዝገብ ተጀመረ፤ ይህም ከአገሬው ሰው ጋር በአንድ ቁጥር ሥርዓት ውስጥ አስገባቸው። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞች ላሉባት አገር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። እርምጃው የሚፈጸመው ግን በመስኮቱ ላይ ነው። መታወቂያውን አይቶ የማያውቅ ሠራተኛ "ይሄ አይሠራም" ካለ አዋጁ ለዚያች እናት እንዳልወጣ ይቆጠራል።

የእኛ ልጆች በሰው አገር

ኢትዮጵያዊው ወደ ውጭ ሲወጣ ሦስቱ ጥያቄዎች ይከተሉታል፤ መልሱ የሚቀመጥበት ወረቀት ብቻ ይቀየራል።

በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከኤምሬትስ መታወቂያ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኞች ደመወዝ በባንክ በኩል እንዲከፈል የሚያደርግ ሥርዓት ዘርግታለች። ዓላማው አሠሪው መክፈሉን መንግሥት እንዲያይ ነው። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት እህቶቻችን ግን ሥርዓቱ ሲጀመር አልተካተቱም። ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት ሴት የመጀመሪያውን ጥያቄ የምትመልስበት ነገር የላትም። ደመወዟ በእጅ ይሰጣታል ወይም ይያዝባታል፤ ወደ ቤተሰቧ የምትልከውም በማታውቀው ሰው እጅ ነው። የተበደለችበትን ወር ቆጥራ የምታሳይበት መዝገብም አይኖራትም። የሌላውን ፓስፖርት መያዝ በሕግ ክልክል መሆኑን ከመሄዷ በፊት ማወቅ ያለባት ለዚህ ጭምር ነው።

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2014 መመሪያ በሕጋዊ መንገድ በኅብረቱ አገሮች የሚኖር ማንኛውም ሰው መሠረታዊ ሒሳብ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ጥገኝነት ጠያቂም ይገባበታል። ጀርመን ይህን ከሰኔ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕጓ አስገብታለች። በዚያ አገር ጥገኝነት የጠየቀ ወጣት "አንከፍትም" ከተባለ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅና ለተቆጣጣሪው አቤት ማለት ይችላል። በአሜሪካ ደግሞ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ሰው ሒሳብ አይከፍትም የሚል ወሬ በእኛ ሰው ዘንድ ተስፋፍቷል። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የወጣው የፌዴራል ደንብ ግን ለውጭ ዜጋ የፓስፖርት ቁጥርና የሰጪውን አገር ስም እንደ መለያ ይቀበላል። አንድ ባንክ በራሱ አሠራር ሊያጠብቅ ይችላል፤ ያኔ ወደ ሌላ ባንክ ወይም ወደ አባላት ቁጠባ ተቋም መሄድ ነው።

ከእነዚህ አገሮች የምንማረው አለ። የጀርመኑ ሕግ ባንኩን ለከለከለበት ምክንያት ተጠያቂ አድርጎታል። የእኛ የስደተኞች አዋጅ መብቱን ሰጥቷል፤ የከለከለ ባንክ ምክንያቱን ጽፎ እንዲሰጥ ማድረግ ግን ይቀረናል። ይህ ቢጨመር ከማንኛውም ሥልጠና በላይ አሠራሩን ያስተካክላል ብዬ አምናለሁ።

ከመስኮቱ በፊት

ወረፋ ከመያዝ በፊት አራት ነገሮችን ማስተካከል ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

አንደኛው ስም ነው። የእኛ ቅጽ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል፤ የውጭ ዜጋ ግን የቤተሰብ ስም እንጂ የአያት ስም ላይኖረው ይችላል። መፍትሔው በፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም በዚያው ቅደም ተከተል በሁሉም ሰነድ ማስፈር ነው። ኢትዮጵያዊው በውጭ አገር የሚገጥመው የዚህ ግልባጭ ነው፤ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይጻፍለትና ከልጁና ከሚስቱ ጋር ዝምድና የሌለው ይመስላል። የስሙ የላቲን አጻጻፍ በልደት ሰርተፍኬት፣ በትምህርት ማስረጃና በፓስፖርት ላይ አንድ እንዲሆን ከአገር ሳይወጣ ማስተካከል ይገባዋል።

ሁለተኛው ቀን ነው። የእኛ አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። የልደት ቀን በአንዱ ሰነድ በኢትዮጵያ፣ በሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፎ ምልክት ካልተደረገበት አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። ቀን በተጻፈ ቁጥር ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መባሉን ያረጋግጡ።

ሦስተኛው የገንዘቡ መንገድ ነው። ከውጭ የተላከበትን ደረሰኝ፣ የምንዛሬ ወረቀቱንና የቅጥር ውሉን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ፋይል ያስቀምጡ። ዛሬ የማያስፈልግ የመሰለ ደረሰኝ ከአገር በሚወጡበት ቀን ዋናው ሰነድ ይሆናል።

አራተኛው ጥያቄ ነው፤ ባንኩ ጠያቂ ብቻ አይደለም። የሚከፈትልኝ ሒሳብ የነዋሪ ነው ወይስ የነዋሪ ያልሆነ? ከውጭ የመጣው ገንዘብ ተመልሶ መውጣት ይችላል? ፈቃዴ ጊዜው ሲያልፍ ሒሳቡ ምን ይሆናል? የኤቲኤም ካርዱና የሞባይል ባንኩ በዚህ ሒሳብ ይሠራሉ? ብለው ይጠይቁ። ሠራተኛው ካላወቀ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ወይም የዋናውን መሥሪያ ቤት የዓለም አቀፍ ባንኪንግ ክፍል ማነጋገር መብትዎ ነው።

ነግ በእኔ

በኦሎምፒያ መስኮት ለምትቀመጪው እህቴና ለምትቀመጠው ወንድሜ አንድ ቃል አለኝ። ሦስቱን ጥያቄዎች መጠየቅ ግዴታችሁ ነው፤ ማንም ሊነቅፋችሁ አይገባም። ነገር ግን እንግዳው የተጠየቀውን የሚያመጣው ምን እንደጎደለው ሲያውቅ ነው። የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት። የስደተኛ መታወቂያ ሲቀርብላችሁ ሕጉ የተቀበለው ሰነድ መሆኑን አስታውሱ። ባንኮቻችንም ለውጭ ዜጋ፣ ለትውልደ ኢትዮጵያዊና ለስደተኛ የሚጠየቀውን ሰነድ ለይተው በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ይለጥፉ። ወጪው የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው።

በሪያድ፣ በቤይሩት፣ በሚኒያፖሊስ በሌላ መስኮት ፊት የቆመ የእኛ ሰው አለ። እዚያ ለእሱ የምንመኘውን አገልግሎት እዚህ ለመጣው እንግዳ እንስጥ፤ ነግ በእኔ ነውና።